ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና አዋቂ ተጠቃሚዎቹ፦ ሐዋሳ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ስሠራ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ብዙዎች ቬፕ ስለሚሉት ዕቃ፣ የሚጠይቁኝ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። አብዛኞቹ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» የሚል ነው። እኔ ግን ከመመለሴ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት ሲጋራ ያጨሱ ነበር? አሁንስ ሲጋራውን ትተውታል? በቀን ውስጥ መቼ መቼ ነው የሚስቡት? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ጉዳቱም አብሮ ይለያያል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ለአዋቂዎች ነው፤ ይህን የምለው ነገሩ ለወጣቶች ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የአዋቂዎች አጠቃቀም ራሱን የቻለ ትኩረት ስለሚሻ ነው።

ቬፕ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የውኃ እንፋሎት ብቻ ነው ይባላል።

የውኃ እንፋሎት አይደለም። ዕቃው ባትሪ፣ ትንሽ የማሞቂያ ሽቦና በፈሳሽ የራሰ ጥጥ አለው። ሰው ሲስብ ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፤ ፈሳሹም ወደ ጉም ይለወጣል። የፈሳሹ አብዛኛው ክፍል ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፤ በዚያ ላይ ኒኮቲንና ጣዕም ሰጪ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። ወደ ሳንባ በሚገባው ጉም ውስጥ ኒኮቲን፣ እጅግ ደቃቅ ብናኞች፣ እንዲሁም ከሽቦው የሚወጡ እንደ ኒኬልና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ተገኝተዋል። ጥጡ ሲደርቅ ወይም ሽቦው ከመጠን በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድ ይፈጠራል፤ የተቃጠለ ጣዕም ሲሰማዎት እየሆነ ያለው ይህ ነው።

የትምባሆ ቅጠል ስለማይቃጠል ግን የሲጋራ ዋነኞቹ ገዳዮች፣ ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የሉበትም ማለት ይቻላል። ይህን ሐቅ ከአጫሾች መደበቅ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ ፋርማሲስትም ራሱ አጫሽ ነበር፤ ዕቃው ከመነሻው የታሰበው ለአጫሽ ነው።

ለመሆኑ በብዛት የሚጠቀመው ማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይጠቀማሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 86 ሚሊዮኑ አዋቂዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በሀብታም አገሮች ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚጠቀሙ አዋቂዎች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 4.5 በመቶ በ2023 ወደ 6.5 በመቶ ወጥቷል። አማካዩ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 24 የሆኑት ዘንድ ቁጥሩ 15.5 በመቶ ደርሷል። በዕድሜ ከፍ እያለ ሲሄድ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ የሚጠቀሙትም በአብዛኛው ቀድሞ ሲጋራ ያጨሱ ወይም አሁንም የሚያጨሱ ናቸው።

ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። እዚያ ከአዋቂ ተጠቃሚዎች ግማሽ ያህሉ ሲጋራ የተዉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከአሥር አራት ገደማ የሚሆኑት ቬፕም ሲጋራም አብረው ይጠቀማሉ፤ ሲጋራ በሕይወታቸው አጭሰው የማያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንዱ አገር መውጫ በር፣ በሌላው መግቢያ በር ሆነ ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ የሚያጨሱት 3.7 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከወንዶች 6.2፣ ከሴቶች 1.2 በመቶ። ይህ ቁጥር ለዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነው። ከመቶ አዋቂዎች ዘጠና ስድስቱ በማያጨሱበት አገር አዲስ የኒኮቲን ዕቃ ሲገባ፣ ከሲጋራ ሊያላቅቀው የሚችለው ሰው ጥቂት ነው፤ አዲስ ሊያስለምደው የሚችለው ግን ብዙ ነው።

እኔ ዘንድ የሚመጡት ሦስት ዓይነት ናቸው። ሲጋራ ለመተው ብሎ የጀመረ፣ ብዙ ጊዜ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው አለ። ሲጋራውን ሳይተው ቬፕ የጨመረ አለ። ሦስተኛው ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ጓደኛው ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ይዞለት የመጣ ነው። እየበዛ የማየው ይህኛው ነው፤ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው።

ሲጋራውንም ቬፑንም እጠቀማለሁ፤ ሲጋራው ግን ቀንሷል። ጥሩ አይደለም?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፤ ሰዎች የምስራች ጠብቀው ስለሚጠይቁም መልሱን መናገር ይከብደኛል። ከአንድ ፓኮ ወደ አምስት ሲጋራ የወረደ ሰው ትልቅ ጥረት አድርጓል። ይሁንና ልብና የደም ሥር በጥረቱ ልክ አይተርፉም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ አንድ ትንተና በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ በቀን ሃያ ከሚያጨሰው ጋር ሲነጻጸር፣ ከተጨማሪው የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን እንደሚሸከም አሳይቷል። አሥራ ዘጠኙን ሲጋራ የቀነሰ ሰው ከአደጋው ግማሹ ገና አብሮት ነው። ለሳንባ ካንሰር መቀነሱ የተሻለ ይጠቅማል፤ ለልብ ግን ወሳኙ ዜሮ መድረስ ነው።

አብሮ መጠቀም ሌላም መዘዝ አለው። ሲጋራ በማይቻልበት ቦታ፣ ማለትም በቢሮ፣ በመኝታ ቤት፣ ከሐዋሳ አዲስ አበባ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ቬፑ ክፍተቱን ይሞላል። ቀድሞ አካል ኒኮቲን ሳያገኝ ሦስትና አራት ሰዓት ይቆይ ነበር፤ አሁን ያ እረፍት ጠፋ። ሲጋራው በቁጥር ቢቀንስም አንጎል የሚያገኘው ኒኮቲን ላይቀንስ፣ አንዳንዴም ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው «ሲጋራ ቀነስኩ፤ ነገር ግን ከድሮው ይበልጥ ይጨንቀኛል» የሚለው።

ስለዚህ ሁለቱንም የሚጠቀም አጫሽ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ የሚተውበትን ቀን ይቁረጥ እላለሁ። የሁለት ሳምንት ወይም የአንድ ወር መሸጋገሪያ የሚገባ ነገር ነው። ዓመት ከሞላው ግን መሸጋገሪያ መሆኑ ቀርቷል።

ሱስ ይዞኛል ወይስ ለመዝናናት ብቻ ነው? በምን አውቃለሁ?

በቀን ስንት ጊዜ እንደሚስቡ ለመቁጠር አይድከሙ፤ ማንም በትክክል መቁጠር አይችልም። ሲጋራ መጨረሻ አለው፤ ሲያልቅ ይጣላል፤ ሌላ ለማብራት መወሰን ያስፈልጋል። ቬፕ ግን መጨረሻ የለውም። ኪስ ውስጥ ሆኖ አንድ ጊዜ ተስቦ ይመለሳል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰውየው ሳያስበው እንደገና ይወጣል። ሽታውም ስለማይቆይ ለመውጣት፣ አፍ ለመታጠብ ወይም ከሰው ለመደበቅ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ቀርቷል። ቀድሞ ለሲጋራ ሲባል ወደ ደጅ መውጣት፣ ዝናብ ሲኖር መቅረት፣ ቤተ ዘመድ ሲመጣ መታገሥ ነበር። እነዚህ ሁሉ ልጓሞች ነበሩ።

ከቁጥር የሚሻል መለኪያ አለ። ጠዋት ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያውን የሚስቡት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? ለሲጋራ ሱስ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት በኖሩት መለኪያ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ከባድ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነም ቀላል የሚባል አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆዩ ይሻላል። ሌሊት ነቅተው ከሳቡ፣ ዕቃው ከትራስ ሥር ከሆነ፣ ባትሪው አልቆ መብራት ሲጠፋ የሚያናድድዎት ስልኩ ሳይሆን ቬፑ ከሆነ፣ መልሱን ራስዎ አግኝተውታል።

ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ወይም ጫት ስቅም ብቻ ነው የምጠቀመው።

አልፎ አልፎ መጠቀም በየቀኑ ከመጠቀም ያነሰ ጉዳት አለው፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከዚህ ነጥብ ላይ አይቆምም፤ በተለይ ከጫት ጋር ሲያያዝ። ጫት የሚቅም ሰው ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ እየመታ፣ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ነው የሚቆየው። ኒኮቲንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ልብ ከሁለት አቅጣጫ ይገፋል። የልብ ምት ሲዛባ ወይም ደረት ሲጨነቅ ተሰምቶዎት ከሆነ፣ ምርቃናው ነው ብለው አይለፉት።

ሌላው፣ አካል ልማድን ከሁኔታ ጋር ያስተሳስራል። ዛሬ «ከጫት ጋር ብቻ» የነበረው ነገ ጫት ባይኖርም ከዚያው ሰዓትና ከዚያው ጓደኛ ጋር ይመጣል። ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ አይጀምሩት፤ ጀምረው ከሆነም ቅዳሜ ብቻ በሆነበት ጊዜ ይተዉት፤ ከዚህ የቀለለ ጊዜ አይመጣም።

አንዱ ዕቃ ከስንት ሲጋራ ጋር እኩል ነው?

ማሸጊያው ላይ «5%» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ ማለት ነው። ዕቃው 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ በውስጡ 500 ሚሊ ግራም አለ። አጫሽ ከአንድ ሲጋራ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ግራም ያህል ነው። በቬፕ ያለው ኒኮቲን ሁሉ ደም ውስጥ ስለማይገባ ዝም ብሎ ማካፈል አይቻልም፤ ነገር ግን በእጅዎ ያለው ዕቃ ከአንድ ፓኮ ሲጋራ እጅግ የበለጠ መሆኑን ለማየት ሒሳቡ ይበቃል። ለማነጻጸር ያህል የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው ጣሪያ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው፤ መያዣውም ከ2 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። እኛ ከተማ በእጅ ለእጅ ሲዞር የማየው አብዛኛው ዕቃ በዚያ ሕግ ቢለካ አያልፍም።

ጉሮሮን ሳይቆርጥ ይህን ያህል ኒኮቲን እንዴት ይሳባል ለሚለውም መልስ አለው። የአዲሶቹ ዕቃዎች ኒኮቲን ከአሲድ ጋር የተዋሐደ፣ የኒኮቲን ጨው የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ጉሮሮ ላይ ስለሚለዝብ ሰው የሳበውን መጠን አይሰማውም። የድሮው ሲጋራ ጀማሪን በሳል ይመልሰው ነበር፤ ይህኛው አይመልስም። «5000 ጊዜ ይሳባል» የሚለውንም ጽሑፍ እንደ ልኬት አይውሰዱት፤ ቁጥሩ ሰው በሚስብበት ርዝመት ይለዋወጣል።

«ኒኮቲን የለውም» ብለው የሸጡልኝስ?

አይመኑ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ኒኮቲን የለባቸውም ተብለው የተሸጡ ዕቃዎችን ሲመረምር ከአንዱ በስተቀር በሁሉም ኒኮቲን አግኝቷል። በአሜሪካ ገበያ ይህ ከሆነ፣ ማንም ሳይመረምረው በሻንጣ የገባ ዕቃ ላይ ያለ ጽሑፍ ምን ዋስትና ይሰጣል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጋዊ ነው?

አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ለንግድ ማምረትን፣ ማስመጣትን፣ ማከፋፈልንና መሸጥን ይከለክላል። ሺሻም በዚሁ አዋጅ ተከልክሏል። የክልከላው ክብደት ያረፈው በአቅራቢው ላይ ነው። ይህ አዋጅ ለተራው ሲጋራም ቢሆን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ያግዳል።

ለተጠቃሚው የሕጉ ትልቁ ትርጉም ይህ ነው፤ በአገራችን ገበያ ተመዝግቦና ተመርምሮ የሚሸጥ አንድም የቬፕ ምርት የለም። ስለዚህ ውስጡ ምን እንዳለ የሚመሰክር አካል የለም፤ ቢጎዳዎትም የሚጠየቅ የለም። በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ዕቃው «ኦሪጅናል» ነው ሲል በምን እንዳረጋገጠው ይጠይቁት። የሚሸጥበትን ቦታ ማሳወቅ ለሚፈልግ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን 8482 የሚል ነጻ የስልክ መስመር አለው።

እንግሊዝ አገር ሐኪሞች ራሳቸው ይመክሩታል። እኛ ለምን እንቃወማለን?

እውነት ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች ቬፕ ለመስጠት ዕቅድ አውጥቷል። ማስረጃም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው አገር የታተመ ጥናት ሲጋራ ለመተው ከሞከሩት ውስጥ፣ በቬፕ ከታገዙት 18 በመቶ፣ በኒኮቲን ማስቲካ፣ ፕላስተርና በመሰሉት ከታገዙት 9.9 በመቶ ከአንድ ዓመት በኋላም ከሲጋራ ርቀው እንደቆዩ አሳይቷል። ግን የዚያው ጥናት ሌላኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በቬፕ ሲጋራን ከተዉት ውስጥ 80 በመቶዎቹ ዓመቱ ሲያልቅም ቬፑን ይስቡ ነበር፤ በሌላው ወገን በማስቲካና በፕላስተሩ የቀጠሉት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የእንግሊዝ ሐኪም ይህን ሲመክር የሚያነጋግረው አጫሽን ነው፤ የሚሰጠውም መጠኑ የተወሰነ፣ የተመዘገበ ምርት ነው፤ አጠገቡም አማካሪ አለ። እንዲህ ያለው ምርትም ሆነ አማካሪ ሐዋሳ ላይ አይገኝም። በተጨማሪ እነርሱ ዘንድ የሚያጨሰው ሰው ድርሻ ከእኛ በእጅጉ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አገሮች ጥብቅ እርምጃ እንዲወስዱ ሲያሳስብ ሽያጩን የከለከሉት 34 አገሮች ነበሩ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ከሳይንሱ ይልቅ ከፊታቸው ባለው ሕዝብ ላይ የተመሠረተ ነው ብዬ አስባለሁ። እንግሊዝም ብትሆን ፈሳሹ ሲያልቅ የሚጣሉትን ዕቃዎች ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክላለች።

ለሃያ ዓመት ሲያጨስ ኖሮ፣ ሌላው ሁሉ አልሆን ብሎት፣ በቬፕ ሲጋራን ሙሉ በሙሉ ለተወ ሰው «ወደ ሲጋራህ ተመለስ» አልለውም። ወደ ሲጋራ መመለስ የባሰ ነው። የምለው፣ ቀጣዩን እርምጃ ደግሞ አብረን እናስብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን የገደለው ምን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2019 በድንገት በተከሰተ የሳንባ ጉዳት 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው እንደነበር፣ ከእነዚህም የሞቱት 68 እንደሆኑ እስከ የካቲት 2020 የተሰበሰበው መረጃ ያሳያል። ዋናው ተጠያቂ ከካናቢስ በተሠራ ፈሳሽ ውስጥ ለማወፈር የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር፤ አብዛኛው ፈሳሽ የተገኘውም ከሕገ ወጥ ሻጭና ከጓደኛ እጅ ነው። የእኛ ከተማ ገበያ ሙሉ በሙሉ ይህንን ዓይነት ስለሆነ ነው ታሪኩን የምደጋግመው። ማንም የቀላቀለውን ፈሳሽ አይሙሉ።

ሲጋራ ትቼ ወደ ቬፕ ከተሻገርኩ ወዲህ ቡና ያንቀጠቅጠኛል፤ እንቅልፍም የለኝም። ከኒኮቲኑ ነው?

ምናልባት ከቡናው ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። የትምባሆ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች በጉበት ውስጥ ካፌይንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያፋጥኑታል። ስለዚህ አጫሽ ሰው ቡናን ከማያጨሰው በእጥፍ ገደማ ቶሎ ያስወግዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ የሚተኛውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ኢንዛይሙን የሚያፋጥነው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ሲጋራውን ሲተዉ፣ ቬፕ ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም፣ ያ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ሰውየው የሚጠጣው ስኒ ቁጥር ሳይለወጥ በደሙ ያለው ካፌይን ግን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት ይመጣል። ብዙዎች ይህን የሲጋራ አምሮት መስሏቸው ወደ ሲጋራ ይመለሳሉ። ሲጋራ በሚተዉበት ሳምንት ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ። ቡና አፍልተው ለሚጠሩዎት ጎረቤቶችም ምክንያቱን ቢነግሯቸው አይቀየሙም።

በዚሁ መንገድ የሚወገዱ መድኃኒቶችም አሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቴኦፊሊን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሲያቆም ወይም ወደ ቬፕ ሲሻገር መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሲጋራ ትቼ ቬፕ ብቻ ብጠቀምስ?

ኒኮቲን በእትብት በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ የአንጎሉንና የሳንባውን እድገት ይጎዳል። የሚመከረው ሁለቱንም መተው ነው። ሴት ልጅ ታጨሳለች መባል በእኛ ማኅበረሰብ ከባድ ስለሆነ ብዙ እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ እውነቱን አይናገሩም። እባክዎ ይናገሩ። ባለሙያው የሚጠይቅዎት ለመውቀስ አይደለም፤ የተናገሩትም ምስጢር ነው፤ ከአማትዎ ጆሮ አይደርስም።

ባለቤቴ ቤት ውስጥ ይስባል። ልጆቻችን ይጎዳሉ?

ከሲጋራ ጭስ ያነሰ ነው፤ ንጹሕ አየር ግን አይደለም። የሚተነፍሰው ጉም ኒኮቲንና ደቃቅ ብናኝ አለው። ከዚህ ይልቅ አስቸኳዩ አደጋ ፈሳሹ ነው። የፍራፍሬ ሽታ ያለው ጠርሙስ ለሕፃን መጠጥ ይመስለዋል፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር ለትንሽ ልጅ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አያስገድዱ፤ ወተትም እያጠጡ ጊዜ አያጥፉ፤ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቆዳው ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውኃ ይጠቡት።

ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ሥር እንዳያስቀምጠው ይንገሩት፤ የሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ያለቀውንም ሐይቁ ዳር አይጣል።

ለማቆም ከየት ልጀምር?

ከመኝታ ቤት ይጀምሩ። ዕቃው ከአልጋ አጠገብ ከራቀ የሌሊቱና የንጋቱ ልማድ ይሰበራል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን የሚስቡበትን ሰዓት ቀስ በቀስ ያዘግዩት፤ ዛሬ ከቁርስ በኋላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከምሳ በኋላ። ከዚያ የሚስቡባቸውን ቦታዎች ይቀንሱ፤ ቤት ውስጥ አይሁን፣ መኪና ውስጥ አይሁን። ቀድሞ የነበሩትን ልጓሞች በራስዎ እጅ መልሰው ማስገባትዎ ነው። ኒኮቲኑን ደረጃ በደረጃ ማሳነስ ሌላ አገር የሚመከር ዘዴ ነው፤ እዚህ ግን በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ስለማይታመን በእርሱ ላይ መመርኮዝ አይቻልም።

ሲያቆሙ ብስጭት፣ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር፣ ትኩረት ማጣት ይመጣል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየለቀቀ ይሄዳል። አንድ አምሮት ደርሶ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር እስከ አሞራ ገደል ድረስ በእግር መሄድ ለዚያ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው፤ ይህን የምመክረው ብዙ ሰዎች እንደረዳቸው ስለነገሩኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫት ቤት አይግቡ፤ እዚያ ተቀምጦ ቬፕን የተወ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኒኮቲንን የሚተኩ መድኃኒቶች፣ ማለትም ማስቲካና ፕላስተር፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ሱሱ ከባድ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ፤ ድብርት ወይም ጭንቀት አብሮ ካለ ደግሞ በሪፈራል ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሱስ እንደ ማንኛውም ሕመም ይታያል። ወድቀው ከተነሱም እንደ አዲስ ይጀምሩ፤ ብዙ ሰው በአንድ ሙከራ አይሳካለትም።

ቬፕ ከጀመርኩ ወዲህ ሳል አልለቀኝም። የቬፑ ነው ብዬ ልተወው?

አይተዉት። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለብዎት፤ አክታ ውስጥ ደም ካለ፣ ማታ ማታ ላብ ካጠመቀዎት ወይም ክብደት ከቀነሱ አንድ ቀንም አይጠብቁ። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋትና ትኩሳት በአንድነት ከመጡ ቬፑን ዛሬውኑ አቁመው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ያጨሳሉ?» ተብለው ሲጠየቁም «አላጨስም» ብለው አይለፉ፤ ቬፕ እንደሚጠቀሙ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ፈሳሹን ከየት እንዳገኙት ይናገሩ፤ ዕቃውም ካለ ይዘውት ይሂዱ። ሐኪሙ የሚያዝዘው ምርመራ በዚህ መልስ ላይ ሊለወጥ ይችላል።